የተርባይን ውሃ አዙሪትን በስሪ ዲ ማሳየት፦ መስመሮቼ የተተበተበ ፈትል ሆኑብኝ

እንዝርት (ጠያቂ) · ሰኞ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ቴሲሴን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ የፍራንሲስ ተርባይን በከፊል ጭነት ሲሠራ ከሥሩ ባለው የውሃ መውጫ ቱቦ፣ ድራፍት ቲዩብ በሚባለው ውስጥ፣ ምን እንደሚፈጠር ነው። የጊቤ 3 አሥሩም ተርባይኖች ፍራንሲስ ስለሆኑ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የምሠራው ግን በላቦራቶሪ ልክ በተሠራ ትንሽ ሞዴል ላይ ነው፤ ራነሩ (ውሃው የሚያዞረው የተርባይኑ ጎማ) በሰከንድ 5.5 ዙር ይዞራል፣ የቱቦው አፍ 0.35 ሜትር ነው፣ ሜሹ (ቱቦው ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ) 6 ሚሊዮን ሴል። ስሌቱን ፍሰት በሚያሰላው ኦፕንፎም ሶፍትዌር ጨርሻለሁ።

የቸገረኝ ስዕሉ ነው። ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ሁሉ ስገልጥ ከራነሩ ሥር እየተጠማዘዘ የሚወርድ ወፍራም የአዙሪት ገመድ አያለሁ። እኔ ውጤቱን ወደ ስዕል በሚቀይረው ፓራቪው ውስጥ ገብቼ ስትሪም ትሬሰር (የፍሰት መስመር ማሰመሪያው) ብዬ 2,000 መስመር ስለቅ የሚወጣልኝ ሕፃን የተጫወተበት ልቃቂት ነው። ስቀንሰው ደግሞ ባዶ ቱቦ ውስጥ አምስት ፀጉር። ቀለሙን በፍጥነት መጠን አድርጌዋለሁ፣ ያው ቀስተ ደመናውን። አማካሪዬ አይተው "ቆንጆ ነው፤ ግን ምን እያየሁ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዲፌንሱ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እባካችሁ።

ጥቁር ሰሌዳ · ሰኞ ከምሽቱ 4:15

ወንድሜ፣ 2,000 መስመር መልቀቅ ገበያ መሀል ቆሞ ሁሉንም ለመስማት እንደመሞከር ነው። መነሻ ነጥቦቹን፣ ሲድ የሚሏቸውን፣ የት ነው ያስቀመጥካቸው? ሳትነካው ከተውከው ከሳጥኑ ጥግ እስከ ጥግ በተዘረጋ መስመር ላይ ይዘራልሃል። ያ መስመር ስለ ተርባይንህ የሚያውቀው ነገር የለም።

አዙሪቱ የሚወለደው ከራነሩ ሾጣጣ አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያላት ሉል አስቀምጥና 60 ነጥብ ብቻ ዝራባት። መስመሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲከተል አድርግ። ከዚያ በቲዩብ ፊልተር አወፍረው። ቀጭን መስመር ጥልቀት የለውም፤ ቱቦ ሲሆን ግን ብርሃን ያርፍበታል፣ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደሆነ ዓይን ይለያል።

ኢንቴግሬተሩን (መስመሩን እርምጃ በእርምጃ የሚያሰላውን) አትንካው፣ ሩንገ-ኩታ 4-5 ላይ ነው የሚመጣልህ፣ እዚያው ይቀመጥ። የራሴን ኮድ ልጻፍ ካልክ ግን ቀላሉን የኦይለር ዘዴ ተወው። እኔ ተማሪ እያለሁ ክብ ሠርቶ በሚዞር ውሃ ላይ በ0.1 ራዲያን እርምጃ ሞክሬው አንድ ዙር ሲጨርስ መስመሩ ከመሀሉ የነበረው ርቀት በ37 በመቶ አደገ። ውሃው ክብ፣ ስዕሉ ጥምዝምዝ! ሦስት ሌሊት "አዲስ ነገር አገኘሁ" ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሩንገ-ኩታ 4 በዚያው እርምጃ ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥማል።

ጀበና · ሰኞ ከምሽቱ 4:50

ጥቁር ሰሌዳ ያለው ትክክል ሆኖ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት።

ቡና ሲፈላ ማጨሻው ላይ ዕጣን ይደረግ የለ? ጭሱ አንድ ክንድ ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣና መወላገድ ይጀምራል። ያ የምታየው ጭስ ስትሪክላይን ነው። በፍሟ በኩል ያለፉ ብናኞች በሙሉ፣ አሁን ያሉበት ቦታ ተያይዞ ማለት ነው። ከመሀላቸው አንዲቷን ብቻ ከፍሟ እስከ ጣሪያ በዓይንህ ብትከተላት፣ የሄደችበት መንገድ ፓዝላይን ይባላል። ስትሪምላይን ላይ ግን ምናልባት ማንም አልሄደበትም። የዚህችን ቅጽበት የፍጥነት ቀስቶች ሁሉ እንዳሉ አድርቀህ፣ እነሱን ተከትለህ የምታሰምረው ነው።

ፍሰቱ በጊዜ የማይለወጥ ከሆነ ሦስቱም አንድ መስመር ናቸው። የሚለወጥ ከሆነ ይለያያሉ። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ጭሱ ምን እንደሚሆን አይተህ የለ? እና ያንተ አዙሪት የሚዞር ከሆነ፣ በአንድ ቅጽበት ስትሪምላይን ላይ "ውሃው በዚህ ሄደ" ብለህ እንዳትጽፍ።

ሜሽ ጠጋኝ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:05

ስዕሉን ከመውቀሳችን በፊት፦ ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚፈታው ፕሮግራም) ምንድን ነው? ተርቡለንስ ሞዴሉስ (የውሃውን ትርምስ የሚገምተው)?

እንዝርት · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:30

ሲምፕልፎም፣ ኬ-ኤፕሲሎን። ኮንቨርጅ አድርጓል (ውጤቱ ረግቷል)፣ ሬሲዱዋሉም (የቀረው የስሌት ስህተት) በጣም ቆንጆ ነው።

ሜሽ ጠጋኝ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:48

በሽታው ተገኘ። ፓራቪው ምንም አላጠፋም፣ ገመዱ ፋይልህ ውስጥ የለም!

ገመዱ ለምን እንደሚፈጠር አስበው። በከፊል ጭነት ውሃው ከራነሩ ሲወጣ ሽክርክሪቱ አላለቀም፣ ከራነሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ እየዞረ ነው የሚወርደው። ሽክርክሪቱ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል፤ መሀሉ ላይ የቆመ፣ አልፎ አልፎም ወደ ላይ የሚመለስ እምብርት ይቀራል። በሚሮጠውና በቆመው መካከል ያለው ንብርብር መቆም አይችልም፣ ይጠቀለላል። ያ ጥቅልል ነው ገመዱ። እሱም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከራነሩ ፍጥነት ከ0.2 እስከ 0.4 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ቱቦውን ይዞራል። አንተ ደግሞ ጊዜ በሌለበት ስሌት ፈትተኸዋል። ያገኘኸው ገመዱ ተፈጭቶ፣ ዙሪያውን እኩል የተበተነ ሽክርክሪት ነው። በዚያ ላይ ኬ-ኤፕሲሎን እንዲህ ያለውን አዙሪት ሲያደበዝዝ የታወቀ ነው።

በጊዜ የሚለወጥ ፍሰትን ወደሚፈታው ፒምፕልፎም ተሻገር። ሞዴሉን ቢያንስ ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ፣ ከቻልክ ደግሞ ኤስኤኤስ (አዙሪቶቹን የበለጠ የሚያወጣ ማሻሻያ) የተጨመረበትን አድርገው። አዝናለሁ፣ ስድስት ሳምንት ለዚህ ይበቃል።

ቁጥር ይናገር · ማክሰኞ ከቀኑ 7:20

እኔ የዚህ ሁሉ ስዕል ጉጉት አይገባኝም። ኮኑ (ከራነሩ ሥር ያለው ሾጣጣ የቱቦው ክፍል) ግድግዳ ላይ ሁለት የግፊት ፕሮብ (መለኪያ ነጥብ) ትከል፣ 90 ዲግሪ ይራራቁ። ኤፍኤፍቲ (ምልክቱን በድግግሞሽ የሚተነትን ስሌት) ሥራ፣ ድግግሞሹን ታገኛለህ። የትኛው ቀድሞ እንደሚመታ እይ፣ አቅጣጫውን ታገኛለህ። ሁለት ግራፍ፣ አንድ ገጽ፣ አለቀ። የቀረው ለፌስቡክ ነው።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:10

ልጆች፣ እኔ ከቤተ ሙከራ ዘመን ነኝ። ቁጥር ይናገር ያለው አይጠላም፤ ግን ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንቸስተር ላይ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም ባይለቅ ኖሮ ዛሬ በስሙ የምንጠራውን ቁጥር ከየት እናመጣው ነበር? መጀመሪያ የቀለሟ ክር ስትበተን አየ።

ለአንተ ለእንዝርት የምነግርህ ይህንን ነው። በቤተ ሙከራ ገመዱን በዓይን የምናየው ኮኑን ከሚያሳይ ፕላስቲክ ሠርተን ነው። ነጭ ሆኖ የሚታየው ራሱ አዙሪቱ አይደለም። የአዙሪቱ መሀል ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ ውሃው እዚያ ሳይሞቅ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ የምናየው ያንን እንፋሎት ነው። በአንተ ስሌት ውስጥ እንፋሎት የለም። ስለዚህ ከፎቶ ጋር የሚነጻጸር ስዕል ከፈለግህ በመጀመሪያ ዝቅተኛ ግፊት ያለበትን ገጽ አውጣ። ከእኛ ነጭ ገመድ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው።

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:00

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሜሽ ጠጋኝ፣ ልቤን ሰበርከው ግን እውነት ነው። ፒምፕልፎሙን አሁን አስነሳሁት። ፕሮቦቹንም ተክያለሁ፣ ቁጥር ይናገር ደስ ይበለው። መብራት ካልጠፋ የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ።

ደጋ ነፋስ · ረቡዕ ከጠዋቱ 4:30

ከርዕስ ትንሽ ልውጣ። እኔ የአየር ሁኔታ ላይ ነኝ፤ በክረምት በሶማሊያ ጠረፍ ወደ ህንድ የሚገሰግሰውን ዝቅተኛ የነፋስ ጄት ሳሳይ ተመሳሳይ ጣጣ አለብኝ። የእኔ ግን ከፍታው ነው። አግድሙ በሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር። ቁመቱን 50 ጊዜ ካላጎላሁት ሁሉም ወረቀት ይሆናል፣ ካጎላሁት ደግሞ ደጋው ግንብ ይመስላል፣ ነፋሱም ሽቅብ የሚተኮስ ይመስላል። ምን ታደርጋላችሁ?

ጥቁር ሰሌዳ · ረቡዕ ከጠዋቱ 5:00

@ደጋ ነፋስ ስንት ጊዜ እንዳጎላህ ስዕሉ ላይ ጻፈው፣ አጠገቡም ሳይጎላ የተቆረጠ አንድ ክፋይ አስቀምጥ። የቀረውን በራሱ ክር ክፈተው፣ ሰፊ ነው።

ዶፍ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:25

እኔ እዚህ አውሮፓ የፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ ስሠራ ነው የምውለው። እንዝርት ውጤቱ እስኪመጣ ስለ አዙሪት ማውጣት ልንገርህ፤ አሁን ተርፎህ የምታነበው እሱን ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቮርቲሲቲን (የውሃውን የመሽከርከር መጠን) ይስላል፣ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ቀልቶ ይደነግጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዲት የውሃ እንክብል አስብ። ጎረቤቶቿ እኩል ባልሆነ ፍጥነት ሲጎትቷት ሁለት ነገር ይደርስባታል፤ ትለጠጣለች፣ ትሽከረከራለች። ግድግዳ አጠገብ ውሃው ንብርብር በንብርብር ላይ ስለሚንሸራተት ሽክርክሪቱ ብዙ ነው፣ መለጠጡም የዚያኑ ያህል ነው። አዙሪት የለም ግን ቮርቲሲቲ ይጮኻል።

ኸንት፣ ሬይ እና ሞይን እ.ኤ.አ. በ1988 ያመጡት የኪው መስፈርት ይህንን ነው የሚለየው። የሽክርክሪቱ ካሬ ሲቀነስ የመለጠጡ ካሬ፣ ለሁለት ሲካፈል። በተራ መንሸራተት ሁለቱ ይጣፉና ኪው ዜሮ ይሆናል። አዙሪት ባለበት ከዜሮ በላይ ይወጣል። ጄዮንግና ሁሴን እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ላምዳ 2 ደግሞ በሌላ በር ይገባል፣ አዙሪቱ መሀል ግፊቱ ስለሚጎድል እሱን ይፈልጋል። ላንተ ሥራ ኪው ይበቃል።

አሁን ዋናው ጣጣ። ኪውን በስንት ላይ ነው የምትቆርጠው? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚዋሸው፣ አንዳንዴ ሳያውቅ። ከፍ ስታደርገው ገመዱ ይቆራረጣል፣ ዝቅ ስታደርገው ቱቦው በትላትል ይሞላል፤ መሀል ላይ የምትወደውን ስዕል ትመርጣለህ። ኪው አሃዱ አንድ በሰከንድ ካሬ ነው፤ ስለዚህ "ኪው 50" ያልከው ለሌላ ሰው ምንም አይነግረውም። በፍሰትህ ሚዛን አካፍለው። አማካይ ፍጥነትህ በሰከንድ 1.5 ሜትር ከሆነ በ0.35 አካፍለህ ካሬ ስታደርገው 18 ገደማ ይመጣል። ኪው 54 ላይ ከቆረጥክ "3 እጥፍ" ብለህ ጻፍ፤ ያኔ ትልቁ ተርባይን ላይ የሚሠራ ሰውም ሊያነጻጽርህ ይችላል። በሁለትና በስድስት እጥፍም ሥራና አባሪ ውስጥ አስገባው። ገምጋሚ ሳይጠይቅህ።

ሁለት የእጅ ነገር ደግሞ። ግራዲየንቱን (ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ የሚለወጥበትን መጠን) እዚያው ኦፕንፎም ውስጥ አስላው፣ ሜሹን ካቀለልክ በኋላ አይሁን። ኮንቱር (ኪው እኩል የሆነበትን ገጽ) ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የሴሉን ዋጋ ወደ ነጥብ ቀይረው፤ አለዚያ ፓራቪው ኮንቱሩን ላይሠራልህ ይችላል።

ሬንደር ቤት · ሐሙስ ከሌሊቱ 8:15

ሰላም ከቨርጂኒያ። እኔ ለማስታወቂያ ጭስና ውሃ የምሠራ ነኝ፣ የእኔ ውሃ መምሰሉን እንጂ እውነት መሆኑን ማንም አይጠይቀኝም። ጆስ ስታም እ.ኤ.አ. በ1999 ያመጣው ዘዴ ሥራችንን አቀለለው፣ እርምጃህን የፈለግከውን ያህል ብታረዝም አይፈነዳም፤ ዋጋው አዙሪቶቹን መብላቱ ነው። ስለዚህ የሜሽ ጠጋኝ ሐዘን ይገባኛል። እኛ የተበላውን አዙሪት በሐሰት እንመልሰዋለን፣ እናንተ አትችሉም።

ከብርሃን በኩል ግን የምሰጣችሁ አለ። ሙሉ ክልሉን በኤልአይሲ ለመሸፈን አትሞክር። ካብራልና ሊዶም እ.ኤ.አ. በ1993 ያመጡት ይሄ ዘዴ የተበተነ ነጥብ የሞላበትን ምስል በፍሰቱ አቅጣጫ እያሸ፣ አሸዋ ላይ ነፋስ እንዳለፈበት ያስመስለዋል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ወደር የለውም። በስሪ ዲ ሙሉውን ስትሞላው ግን የፊተኛው የኋለኛውን ይጋርዳል፣ የምታየው አንድ ጡብ ነው። ኮኑን በቁመቱ ቁረጠው፣ የተቆረጠው ገጽ ላይ ብቻ ኤልአይሲ አድርግ፣ ገመዱን ከፊቱ አቁም። ግድግዳውን አሳልፈህ የሚያሳይ አድርገው። ከጎን አንድ መብራት፣ ትንሽ ጥላ። ጥላ ጌጥ አይደለም፤ ገመዱ ግድግዳውን መንካት አለመንካቱን የሚናገረው እሱ ነው።

እና ስለ ፈጣሪ፣ ያን ቀስተ ደመና ጣለው!!

ቁጥር ይናገር · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:00

ቀስተ ደመናው ምን አደረገ? ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያነበው ኖሯል።

ዶፍ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:35

ሲሳሳትበት ኖሯል በል። ቢጫዋ ከሁሉም ስለምታበራ እዚያ ላይ ድንበር ያለ ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ለስላሳ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ሰፊ ስለሆነ እውነተኛውን ለውጥ ይውጠዋል። ጥቁርና ነጭ አድርገህ ፕሪንት አድርገው፣ ቀዩና ሰማያዊው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ማትላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ጄትን (ያንን ቀስተ ደመና) ከመጀመሪያ ምርጫነት ያነሳው፣ ማትፕሎትሊብም በ2017 ወደ ቪሪዲስ (ብርሃኑ በእኩል ወደሚጨምር የቀለም ሚዛን) የተሻገረው ፋሽን ስለሆነ አይደለም። ደግሞ ቁጥር የምትወደው አንተ ነህ፣ ቁጥሩን የሚያዛባ ቀለም እንዴት ትከላከላለህ?

ቁጥር ይናገር · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:41

እሺ፣ እዚህ ላይ ረታችሁኝ።

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:15

ተመለስኩ። ገመዱ አለ! ኪው 3 እጥፍ ላይ ቆረጥኩት፣ ከራነሩ አፍንጫ ተነስቶ አንድ ዙር ተኩል ተጠማዝዞ ወደ ቱቦው ክርን (መታጠፊያ) ይወርዳል። ስልኬ ላይ ቤተሰብ ሁሉ አይቶታል፤ እናቴ "ይሄ ሐረግ ነው?" አለችኝ።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቪዲዮ አድርጌ ሳጫውተው ገመዱ ከራነሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ሜሽ ጠጋኝ ደግሞ ሽክርክሪቱ ከራነሩ ጋር አንድ ነው ብሎኛል። የራነሩን አቅጣጫ ገልብጬ አስገብቼ ይሆን? ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጀምር ነው?

ቁጥር ይናገር · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:28

ምንም አትንካ። ፕሮቦቹ ምን ይላሉ?

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:50

ፕሮቦቹ 1.6 ኸርዝ ይላሉ፣ ከራነሩ 0.29 እጥፍ። የሁለቱን ቅደም ተከተል ሳየው... ከራነሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ቪዲዮው ግን ተቃራኒ። አልገባኝም።

ቁጥር ይናገር · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:58

ሙሉ ፋይሉን በየስንት ሰከንዱ ነው የምታስቀምጠው?

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:01

በየ0.5። ዲስክ እንዳይሞላብኝ ብዬ።

ቁጥር ይናገር · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:06

ያው ነው። 1.6 ኸርዝ ማለት አንድ ዙር በ0.625 ሰከንድ። በ0.5 ሰከንድ ገመዱ ከዙሩ አምስት እጁ አራቱን ይሄዳል፣ 288 ዲግሪ። ዓይንህ ግን አቋራጩን ነው የሚወስደው፣ 72 ዲግሪ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር አይተህ አታውቅም? ፕሮቡ በየእርምጃው ስለሚመዘግብ አልተታለለም። ለፌስቡክ ነው ያልኩት ለዚህ ነበር።

ጀበና · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:20

በዚያ 0.5 ፓዝላይንም እንዳትሞክር። ፓርቲክል ትሬሰሩ በሁለት ፋይሎች መካከል ያለውን ቀጥታ እያገናኘ ነው የሚገምተው፤ መሀሉ ላይ ያለፈውን ገመድ ጨርሶ አያውቀውም።

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:31

በየ0.01 ላስቀምጥ? የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ የተሰጠኝ 20 ጊጋባይት ነው።

ሜሽ ጠጋኝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:55

እናስላው። 6 ሚሊዮን ሴል፣ ሦስት የፍጥነትና አንድ የግፊት ቁጥር፣ እያንዳንዱ 8 ባይት፦ ለአንድ ፋይል 192 ሜጋባይት። ሦስት ዙር ገመድ በ0.01 ሲቀመጥ 188 ፋይል ገደማ፣ 36 ጊጋባይት። አይገባልህም።

ግን ክርኑንና መውጫውን ምን ያደርግልሃል? ኮኑን ብቻ ቁረጥ። እዚያ ያለው 1.2 ሚሊዮን ሴል ቢሆን፣ በ4 ባይት፣ በባይነሪ ስታስቀምጠው ለአንድ ፋይል 19 ሜጋባይት፣ ጠቅላላው 3.6 ጊጋባይት። ስሌቱ በ8 ባይት ይቀጥል፣ የሚቀመጠው ብቻ ይቅለል። እስካሁን በአስኪ (ብዙ ቦታ በሚበላው ተራ የጽሑፍ መልክ) ስታስቀምጥ ከነበርክ ደግሞ አትንገረኝ።

እንዝርት · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:57

አልነግርህም።

እንዝርት · ቅዳሜ ከቀኑ 10:10

እነሆ። በ62 ፍሬም አንድ ዙር፣ ገመዱ ከራነሩ ጋር ይዞራል። ቀለሙ ቪሪዲስ፣ ግድግዳው አሳላፊ፣ ከኋላው የተቆረጠው ገጽ በኤልአይሲ። ጋሼ እንዳሉት የዝቅተኛ ግፊቱንም ገጽ አውጥቼ ከኪው ጋር አስተያየሁት። ከላይ ይገጥማሉ፣ ክርኑ አካባቢ ግን የግፊቱ ገጽ ቀድሞ ያልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ሞከርኩ። ቁልቁል የሚሄደው ፍጥነት ዜሮ የሚሆንበትን ገጽ አውጥቼ በግራጫ፣ ግማሽ አሳላፊ አድርጌ ጨመርኩት። የቆመው ውሃ እንደ ተገለበጠ እንስራ መሀል ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ በዙሪያው ተጠምጥሞ ይዞራል። እንስራው ራሱ ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ገመዱ በዞረበት እየተንገዳገደ ይከተለዋል። ፕሮቦቹ ላይ ይሄ አይታይም። አማካሪዬ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና ወንበር ሳቡ።

ዶፍ · ቅዳሜ ከቀኑ 10:40

ጎሽ! ያንን ተንገዳጋጅ ነገር በቁጥር አስደግፈው፤ የእምብርቱን መሀል ነጥብ በየፍሬሙ አውጥተህ መንገዱን ሳለው።

ቁጥር ይናገር · ቅዳሜ ከቀኑ 11:05

እንዝርት፣ የእንስራውን ስዕል በትልቁ ልትልክልኝ ትችላለህ? ሐሙስ የማቀርበው ነገር አለ። የትኛው ቅጽበት እንደሆነና ኪው ስንት ላይ እንደቆረጥክ ከሥሩ ጻፍልኝ።

ሬንደር ቤት · ቅዳሜ ከቀኑ 11:09

ለፌስቡክ ነው? 😄